ለምለሙ ደባል

አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ቤት በእንግድነት ስትሄዱ ሳታደንቁ የማትወጡት ሦስት ነገር አለ፤ ልጁ፣ ቡናውና ግቢው ውስጥ የበቀለው ተክል። ልጁ ቤቱን ሲያተራምስ "ንቁ ነው፣ ይባረክ" ይባላል። ቡናው ቢቀጥን "ልክ እንደምወደው ነው" ይባላል። ተክሉ ግን ከሁለቱም ይልቅ ለአድናቆት ይመቻል፤ እንግዳውም ባለቤቱም ስለ ነገሩ እኩል አያውቁምና። አረንጓዴ ከሆነና ካለፈው ጊዜ ከረዘመ "ውይ ሲያምር! ምን ብታደርጉለት ነው?" ማለት ይበቃል። ባለቤቲቱም "ኧረ ምንም፤ እንዲሁ የፈጣሪ ነገር ነው" ትላለች፤ ክረምቱን ሙሉ በጆንያ ያስጎተተችውን ፍግ በሆዷ ይዛ።

ችግሩ፣ ምስጋናውን ብዙ ጊዜ የሚወስደው የማይገባው መሆኑ ነው።

ፍሬ በሚሰጥ ዛፍ ላይ ሁለት ዓይነት ጉልበተኛ ይበቅላል። አንዱ ከታች፣ ከስሩ ወይም ከግንዱ እግር ፈልቅቆ ይወጣል። የስር ቡቃያ እንበለው። ሌላው ከላይ፣ ከወፍራም ቅርንጫፍ ጀርባ ተነሥቶ፣ ግራ ቀኝ ሳያይ ቀጥ ብሎ ወደ ሰማይ ይመዘዛል። እሱን ደግሞ ሽቅብ ቀንበጥ እንበለው። ሁለቱም ቅጠላቸው ሰፊ፣ ልጣቸው ለስላሳ፣ አስተዳደጋቸው የሚያስደነግጥ ነው። ሁለቱም ከዛፉ ማዕድ ይበላሉ። ሁለቱም ወይ አያፈሩም፣ ወይ ያፈሩ እንደሆነ እኛ የፈለግነውን አያፈሩም። የእንግዳ ዓይን ግን መጀመሪያ የሚያርፈው እነሱ ላይ ነው፤ ፍሬ ከብዷት ጎንበስ ያለችው ቅርንጫፍ አቧራዋን ለብሳ ጥግ ይዛለች፣ ዞር ብሎ የሚያያት የለም።

በዚህ ማንንም መውቀስ አይቻልም። አዲስ አበባ ራሷ የቆመችው በሚያቆጠቁጥ ጉቶ ላይ ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን የከተማዋ ዙሪያ ደን ተመንጥሮ ማገዶ ሲቸግር፣ መናገሻውን ወደ አዲስ ዓለም የማዛወር ሐሳብ ተነሥቶ ሥራውም ተጀምሮ ነበር። ከተማዋን ባለችበት ካስቀሯት ነገሮች አንዱ ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍ ደግሞ ቢቆርጡት የሚያኮርፍ ዓይነት አይደለም፤ አንዱን ግንድ ወስዳችሁ ስትመለሱ ከጉቶው ዙሪያ ብዙ ሆኖ ይጠብቃችኋል። ደህና ደህናውን አስቀርቶ ሌላውን ማራገፍ ብቻ ነው። ከወፈረው ቋሚ፣ ከቀጠነው ማገር ይወጣል፤ ቅጠሉ ምጣድ ሥር ይነዳል። ከዚህ ጉቶ ቤት የሠራ፣ እንጀራ የጋገረ፣ ልጅ ያስተማረ ስንቱ ነው!

ባሕር ዛፍ ብቻውን አይደለም። ጌሾም ጫትም በተለቀሙ ቁጥር ያቆጠቁጣሉ፤ ገበሬውም የሚኖረው በዚያው ነው። ያረጀ ቡና ጉንደላ ይደረግበታል፤ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ በሰያፍ ይቆረጥና ከጉቶው ከሚወጡት ቡቃያዎች ሁለት ሦስቱ ተመርጠው እንደገና ወጣት ቡና ይሆናሉ። ሙዝማ እናት፣ ልጅና የልጅ ልጅ ሆኖ ባንድ ጉድጓድ ነው የሚኖረው፤ እናቲቱ ዘለላዋን ሰጥታ ስትወድቅ ልጅ ይተካል። (በነገራችን ላይ ሙዝ የሚያውቅ ሰው ለተተኪነት የሚመርጠው ቅጠሉ ጠባብና ሹል የሆነውን ልጅ ነው። ገና በሕፃንነቱ ሰፊ ቅጠል ዘርግቶ የሚያምረው ስሩ ደካማ ነው፤ ይነቀላል።) እንግዲህ ከእንዲህ ያለ አገር ተወልዶ፣ ከዛፍ እግር ሥር በወጣ ለምለም ነገር ላይ መቀስ ማንሣት ቀላል አይደለም። እጅ እምቢ ይላል።

ነገሩ የሚበላሸው ዛፉ ግራፍት የተደረገ ሲሆን ነው። ከመንገድ ዳር ችግኝ ስትገዙ ሻጩ "የተዳቀለ ነው እትዬ፤ ሳይቆይ ነው የሚያፈራው" የሚለው ይህንኑ ማለቱ ነው። ከታች ያለው ለስሩ ሲባል ከዘር የበቀለ አንድ ዛፍ ነው። ከላይ ያለው ደግሞ ፍሬው ተቀምሶ ከተመሰገነ ከሌላ ዛፍ የተቆረጠ ቀንበጥ ነው። ሁለቱን አጋጥመው በላስቲክ ያስሯቸዋል፤ ቁስሉ ሲሽር አንድ ዛፍ ይመስላሉ። ይመስላሉ እንጂ አይደሉም። የላይኛው ሃስ የሚባለው አቮካዶ ቢሆን፣ የታችኛው እስከ ዕለተ ሞቱ ያው የፊቱ አቮካዶ ነው። ውሃ እንዲስብ ተቀጠረ እንጂ ሐሳቡን አልለወጠም። አጋጣሚ ባገኘ ቁጥር "እኔም እኮ ዛፍ ነኝ" ብሎ ቡቃያ ያወጣል።

ሰፈራችን ያሉ አንዲት እናት የብርቱካን ዛፍ ነበራቸው። ነበራቸው የምለው ዛፉ ጠፍቶ አይደለም፤ ዛፉስ ከቤቱ ጣሪያ በልጦ ቆሟል። ፍሬው ግን እያደር ሎሚም ብርቱካንም ያልሆነ፣ አፍ የሚያኮማትር ነገር ሆነ። "ብርቱካኔ ተለወጠብኝ" ይላሉ ቡና በተጠጣ ቁጥር። ስለ አለዋወጡም በቡናው ላይ ብዙ ጥናት ቀርቧል። አንደኛዋ ጎረቤት "መሬቱ ነው፤ እዚህ ቦታ ድሮ ኖራ ይቦካበት ነበር" አሉ። ሁለተኛዋ "ዓይን ነው" አሉና ስሟን አልጠራም እያሉ ሁሉም ሰው እንዲያውቃት አደረጉ። ሦስተኛው፣ ጡረታ የወጡ መምህር፣ ጥፋቱን በችግኝ ሻጩ ላይ ጣሉት። ሻጩ ግን ምን አደረገ? ዛፉ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ማር የመሰለ ብርቱካን እንደሰጠ ሰፈሩ በሙሉ በልቶ ያውቃል።

በመጨረሻ ዛፍ የሚገርዙ አንድ አዛውንት አትክልተኛ ተጠሩ። ሁሉም "አባባ" ነው የሚላቸው። ኮታቸውን አውልቀው አጥሩ ላይ ሰቀሉ፤ ወደ ላይ እንኳ ቀና ብለው አላዩም። ከዛፉ ሥር ተንበርክከው የተቆለለውን አፈርና የደረቀ ቅጠል በመዳፋቸው ጠረጉ። ተጠጋግተው ከቆሙት እሾሃም ግንዶች መሃል የእጅ አንጓ የምታክል ግራጫ ጉቶ ብቅ አለች። በጥፍራቸው ፋቅ አደረጓት። ልጧ ተቀርፎ ወደቀ፤ ከሥሩ አረንጓዴ ነገር የለም፣ ምስጥ የጀመረው ደረቅ እንጨት ነው።

"ብርቱካንዎ ይቺ ነበረች፣ እትዬ።"

"ታዲያ ይኼ ሁሉ ቅጠል የማን ነው?"

"የደባሉ።"

ደባል ምን እንደሆነ የቀበሌ ቤት ኗሪ ማብራሪያ አይፈልግም። ሲመጣ ሥራ እስኪያገኝ ነው። ቀጥሎ ፍራሽ ያስገባል። ቀጥሎ መጋረጃ ይጋርዳል። እኛም ደግ ሰዎች ነንና ሲያገባ ድግሱን አብረን እናስተናግዳለን። የኋላ ኋላ የኪራይ ደብተሩ ሲገለጥ ስሙ የማን ነው? ዋናው ባለቤት ኩሽና ገብቷል። የስር ቡቃያ ሥራም ይኸው ነው። ስሩ የገዛ ስሩ ነው፤ ውሃውም ምግቡም ገና ሽቅብ ሳይወጣ ይደርሰዋል። ሲያድግ ከላይ የተቀጠለውን ያጠላበታል፣ ያስርበዋል፣ በመጨረሻም ያደርቀዋል። ይህ ሁሉ የሚሆነው ደግሞ በድብቅ አይደለም፤ በየዓመቱ "ውይ ሲያምር!" እየተባለ፣ በጭብጨባ ነው።

ደባሉን ከቤተሰቡ መለየት ከባድ አይደለም። ሁለቱ የተጋጠሙበት ቦታ ከመሬት ጥቂት ከፍ ብሎ ያበጠ ወይም ጠመም ያለ ሆኖ ይታያል። ከዚያ በታች የወጣ ሁሉ የታችኛው ወገን ነው፤ ከዚያ በላይ የወጣው የገዛነው ነው። ያንን ቦታ በአፈርና በፍግ መቅበር የማይገባውም ለዚህ ነው፤ ከተቀበረ ማን ከየት እንደመጣ መጠየቂያው ጠፋ ማለት ነው። ቅጠልም ይመሰክራል። ለብርቱካን ስርነት ከሚያገለግሉት አንዳንዶቹ ባንድ የቅጠል ዘንግ ላይ ሦስት ሦስት ሆኖ የሚወጣ ቅጠል አላቸው፤ ብርቱካኑ ግን አንድ አንድ ነው የሚያወጣው። የአንዳንድ አቮካዶ ስር ቡቃያ ቅጠሉ ሲታሽ እንስላል እንስላል ይሸታል። በእሾህ ብቻ ግን አትፍረዱ፤ የብርቱካንና የሎሚ ወገን ጉልበት ባገኘ ጊዜ ከላይም ከታችም እሾሁን ያወጣል።

ዛፉ ሮማን፣ በለስ ወይም ከፍሬ የበቀለ ኮክ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይቀላል። ከላይ እስከ ታች ያው አንድ ዘር ነውና ደባል የሚባል የለም። መጨናነቅ ነው ያለው፤ ሁለት ሦስት ግንድ አስቀርቶ ሌላውን ማሰናበት ነው። ከተሰናበቱትም አንዱን ከነስሩ ነቅሎ "ውይ ሲያምር" ላለው እንግዳ መስጠት ይቻላል።

አባባ ለስር ቡቃያ መቀስ አያነሡም። ገና ያልጠነከረውን ከመነሻው ይይዙና ወደ ታች ነጨት ያደርጉታል። ቀጭ ይልና ትንሽ ልጥ ይዞ ይወጣል። ይህ ጭካኔ ሊመስል ይችላል፤ ምክንያት ግን አለው። በቡቃያው መነሻ ላይ የተኙ ሌሎች እምቡጦች አሉ። ከመሬት እኩል በመቀስ ሲቆረጥ እነሱ ይቀራሉ፤ አንዱን አሰናብታችሁ ወንድሞቹን ትቀበላላችሁ። ሲነጭ ግን እነሱም አብረው ይሄዳሉ። ቡቃያው ከስር የመጣ ከሆነ አፈሩን ቆፈር አድርጎ መነሻውን መፈለግ ያስፈልጋል። ከሰፈራችን "ፀረ አረም ብንረጨውስ?" የሚል ዘመናዊ ሰው አይጠፋም። ቡቃያውና ዛፉ ባንድ ስር ነው የሚጠጡት፤ ለአንዱ የተሰጠው መርዝ ለሌላውም ሊደርስ ይችላል።

ጡረተኛው መምህር ግን በቀላሉ የሚረቱ ሰው አይደሉም። እሳቸው ግቢ ያለው አቮካዶ ከታች አንድ ጎበዝ ቡቃያ አውጥቷል፤ ማንም እንዳይነካው ትእዛዝ አለ። መከራከሪያቸው ታሪክ ነው።

"ሃስ አቮካዶ ከየት እንደመጣ ታውቃለህ?" አሉኝ አንድ ቀን መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው።

ታሪኩ እውነት ነው። ሩዶልፍ ሃስ ካሊፎርኒያ፣ ላ ሃብራ ሃይትስ የሚኖር ፖስተኛ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ውስጥ ከዘር ያበቀላቸው ችግኞች ላይ በጊዜው ተፈላጊ የነበረውን ፉዌርቴ የሚባል ዝርያ ማስቀጠል ፈለገ። ከችግኞቹ አንዱ እምቢ አለ፤ ግራፍቱ ደጋግሞ ቢሞከርም አልያዘም። ሃስ ሊቆርጠው አስቦ ተወው። ዛፉ አድጎ ሲያፈራ የቤቱ ልጆች ፍሬውን ከፉዌርቴ አስበልጠው ወደዱት። እ.ኤ.አ. በ1935 ፓተንት ወጣለት። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚዞረው ሃስ አቮካዶ ሁሉ ከዚያች አንዲት እምቢተኛ ዛፍ በግራፍት የተባዛ ነው። እናቲቱ ዛፍ ስሯ በስብሶ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ2002 ነው።

"ያን ጊዜ ያንተ አባባ ቢጠሩ ኖሮ ዓለም አቮካዶ የሚባል አታውቅም ነበር!"

"ጋሼ፣ የእርስዎ እኮ ግራፍቱ የያዘ ነው። የከፈሉትም ለያዘው ነው።"

"ቢሆንስ? ከታች ያለው ከላይኛው እንደማይበልጥ በምን ታውቃለህ?"

በምን እንደማውቅ ለመናገር ይከብዳል። ታሪክ ያገኘውን ፖስተኛ ስም ይመዘግባል፤ ኮምጣጣና ውሃ ውሃ የሚል ፍሬ ሲለቅሙ ያረጁትን ፖስተኞች ግን ማንም አልጻፋቸውም። ሃስም ቢሆን በፓተንቱ አልከበረም፤ ፖስታ ማደሉን ነው የቀጠለው። ይህን ስነግራቸው "እኔ ደግሞ ጡረታ አለኝ፤ አልቸኩልም" አሉኝ። የሚያስቀው፣ ያ ግራፍት እምቢ ያለ ዘር ዛሬ ራሱ በየአገሩ በሰው ስር ላይ ተቀጥሎ ይኖራል። እሱም በተራው ከታች የሚወጣበትን ደባል ይጠብቃል።

አሁን ወደ ላይኛው እንውጣ። ሽቅብ ቀንበጥ ደባል አይደለም፤ የዛፉ የራሱ ልጅ ነው። ስለዚህ "ከየት መጣህ?" ተብሎ አይጠየቅም። የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው፤ ዛፉን ምን ብትለው ነው እንዲህ የመለሰልህ? መልሱ አብዛኛውን ጊዜ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ሥር ይገኛል።

ዛፉ አድጎ ሽቦው ጋ ሲደርስ ገጀራና መጋዝ የያዘ ሰው ይመጣል። ወደ ላይ ያለውን በሙሉ ባንድ ልክ ጭፍጭፍ አድርጎ ይወርዳል። ባለቤቱ "ተገላገልን" ይላል፤ ግቢው ብርሃን በብርሃን ይሆናል። ክረምቱ ሲገባ ከየቁራጩ ጫፍ ብዙ ብዙ ሆነው ይፈናጠራሉ። ዛፉ ለዓመታት ቀስ ብሎ የወጣውን ከፍታ እነሱ በሩጫ ይወጡታል። ሽቦው እንዲተርፍ የተጨፈጨፈው ዛፍ፣ ተከባብሮ ከተገረዘው ዛፍ ቀድሞ ሽቦው ጋ ይደርሳል። በዚያ ላይ አያፈራም፤ ጉልበቱ ሁሉ ጭንቅላቱን መልሶ መሥራት ላይ ነው። በጥላ የኖረው ወፍራም ቅርንጫፍም ድንገት ፀሐይ ላይ ይጣልና ልጡ ይቃጠላል፤ አቮካዶ በተለይ ይህን አይችልም። ዕውቀት ያላቸው ሰዎች ግንዱን ነጭ ኖራ የሚቀቡት ለጌጥ አይደለም።

ዛፉ ይህን የሚያደርገው በእልህ አይደለም። በየቅርንጫፉ ጫፍ ያለው እምቡጥ ኦክሲን የሚባል ንጥረ ነገር ወደ ታች እየላከ የታችኞቹን እምቡጦች ያስተኛቸዋል። ጫፉ ሲቆረጥ የሚያስተኛቸው ጠፋ፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ይነቃሉ። ከታች ደግሞ ለትልቅ ዛፍ የተዘረጋው ስር እንዳለ አለ፤ ያንን ሁሉ ውሃና ምግብ ለተረፈው ጉቶ ይልካል። ኬኔት ቲማንና ፎልኬ ስኩግ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1933 ይህን በባቄላ ላይ አሳይተዋል። የባቄላውን ጫፍ ሲቆርጡ ጎን ጎኑ አቆጠቆጠ፤ በቁራጩ ላይ ኦክሲን ሲያደርጉበት ግን የጎኖቹ እምቡጦች እንደተኙ ቀሩ።

የእኛ የእንሰት ገበሬ ግን ባቄላውን አልጠበቀም። እንሰት እንደ ሙዝ በራሱ ፈቃድ ልጅ አይሰጥም። ስለዚህ ገበሬው ለጋ እንሰት መርጦ ከመሬት አጠገብ ይቆርጠዋል፤ የመሃሉን ልብ ፈልፍሎ ያወጣል፤ ጉድጓዱን በአፈርና በፍግ ሞልቶ ይቀብረዋል። ከጥቂት ወራት በኋላ ከዚያው ከአንዱ አሚቾ ዙሪያ ችግኝ በችግኝ ይሆናል። ገበሬው ኦክሲን የሚል ቃል ሰምቶ አያውቅም፤ ልቡ ከወጣ ልጆቹ እንደሚነቁ ግን ከአባቱ ተምሯል። እሱ ብዙ ልጅ ፈልጎ ልብ ያወጣል፤ የፈለገውንም ያገኛል። የከተማው ባለግቢ ግን ፍሬ እየፈለገ የእንሰት ገበሬ የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ከዚያ በልጅ ብዛት ይማረራል።

ፍቅርም ያጠፋል። የአንዳንዱ ዛፍ መከራ ገጀራ አይደለም፤ ከመጠን ያለፈ ርኅራኄ ነው። የበግ ፍግ ይደፋለታል፤ ዘመድ ከገጠር ባመጣው ዩሪያ ይታከላል፤ የልብስ እጣቢ ሳይቀር ይጠጣል። ናይትሮጅን የጠገበ ዛፍ ለምን ብሎ ያፈራል? ቅጠል በቅጠል ሆኖ ሽቅብ ይወጣል። ባለቤቱም ቁመቱን እያየ ማዳበሪያ ይጨምራል።

ሌላው አጥፊ ስልክ ነው። ዩቲዩብ ላይ አንድ ጓንት ያጠለቀ ፈረንጅ ፖሙን በጥር እርቃኑን ሲገርዘው ያየ ሰው፣ በማግስቱ ሎሚውን ይጨፈጭፋል። የፈረንጁ ፖም ብርድ አስተኝቶት ቅጠሉን አራግፎ ነው የተገረዘው። ሎሚውና አቮካዶው ግን ቅጠላቸውን ጨርሰው የሚያራግፉ አይደሉም። ለዚያም ቢሆን የፈረንጁ አገር ሰዎች ራሳቸው ያውቁታል፤ የተኛን ዛፍ አብዝቶ የቆረጠ ሰው በሚቀጥለው ወቅት ሽቅብ ቀንበጥ ያጭዳል። እያደገ ሳለ የተቀነሰ ዛፍ ነው ረጋ የሚለው።

በእኛ አገር ደግሞ ይህን በትክክለኛው ጊዜ የሚሠራ ባለሙያ ነበር፤ እናት። ጓሮ ካለው ኮክ ላይ ቀጥ ብሎ የተመዘዘው፣ አንጓው የራቀው፣ ልጡ የለሰለሰው፣ ሲወዛወዝ ፉጨት የሚያሰማው ቀንበጥ ለምን ይሆን እንደነበር በእኔ ዕድሜ ላለ ሰው አይነገርም። ልምጭ! ፍሬ ያላት ቅርንጫፍ አትነካም፤ ትሰበራለችም፣ ታሳዝናለችም። የሚመረጠው ሽቅቡ ነው። አጥፊው ልጅ ራሱ "ሂድና ቆርጠህ አምጣ" ስለሚባል የግቢው ልጆች በሙሉ ገና በሕፃንነታቸው የገረዛ ሥልጠና ወስደዋል ማለት ነው። ቀጭኗን ይዞ የመጣ ተመልሶ ይላካል፤ ስለዚህ ዛፉ በአንድ ጥፋት ሁለት ጊዜ ይታረማል። ልምጭ ቀረ፤ ይቅር፣ ደግ ሆነ። ግን ስለ ኮኩ ማንም አላሰበበትም።

አባባ ልምጭም ገጀራም አይዙም። መሰላል ላይ ወጥተው ከወፍራሙ ቅርንጫፍ ጀርባ ገና ብቅ ያሉትን፣ ጥፍር የማያክሉትን ቡቃያዎች በአውራ ጣታቸው ጫን ብለው ይጠርጓቸዋል። ድምፅ የለው፣ ቁስል የለው። የጠነከሩትን በመቀስ ይወስዳሉ፤ ጉቶ አያስቀሩም፣ ግንዱንም አይልጡም። ከዛፍ ወደ ዛፍ ሲሻገሩ መቀሱን በአልኮል ይጠርጉታል። ሁሉንም ግን አይጨርሱም። ቅርንጫፍ የጎደለበት ቦታ ካለ አንዱን ሽቅብ መርጠው በጨርቅ ማሰሪያ ወደ ጎን ስበው፣ ጫፉን መሬት ከተተከለ ችካል ጋር ያስሩታል። ጋደም ያለ ቅርንጫፍ ሩጫው ይቀዘቅዛል፤ ከጊዜ በኋላም አበባ ይይዛል። ያው ቀንበጥ ነው፤ ቆሞ ሳለ ቁመት ብቻ ነበር፣ ሲጋደም ፍሬ አሰበ።

ለፀሐይ የተጋለጠ ልጥ ላይ ደግሞ ጥላ የምትሆን አንዲት ሁለት ቀንበጥ ሆን ብለው ይተዋሉ። "ሁሉን ከወሰድክበት ሁሉን መልሶ ያወጣብሃል" ይላሉ።

ብርቱካናቸው የተለወጠባቸው እናት ታዲያ በግቢያቸው ያሉ የሌሎቹን ዛፎች ሥራ ሲመረምሩ ቅር አላቸው። መሬት ላይ የወደቀው ቅጠል አንድ እቅፍ አይሞላም።

"ይኼን ነው እንዴ የቆረጡት? ባለፈው የመጣው ልጅ እኮ ጋሪ ሙሉ ነው ያወጣልኝ!"

"አዎ፣ እትዬ። ለዚህ ነው ዘንድሮ እኔን የጠሩኝ።"

እዚህ ላይ ነገሩ ከዛፍ አልፎ የኢኮኖሚ ጥያቄ ይሆናል። በእኛ ሰፈር የገራዥ ዋጋ የሚለካው በር ላይ በተከመረው ቅርንጫፍ ነው። ክምሩ ትልቅ ከሆነ ሰውየው ሠራ፤ ክምሩ ካነሰ ተኝቶ ዋለ። ስለዚህ ብዙ የቆረጠ ጥሩ ይከፈለዋል፤ በቆረጠው ልክ ሽቅብ ቀንበጥ ስለሚበቅል ለከርሞም ተመልሶ ይጠራል። ትንሽ የቆረጠው አነስ ያለ ይከፈለዋል፤ ዛፉም ስለሚረጋ ለከርሞ የሚጠራው የለም። በዚህ ሒሳብ ገጀራ ባይበዛ ነው የሚገርመው። መፍትሔው ክፍያውን ከክምሩ ማላቀቅ ነው፤ የወደቀውን ትቶ ዛፉ ላይ የቀረውን እያዩ መክፈል። ከዚያ የተረፈውን ሥራ ባለቤቱ ራሱ ይጨርሰዋል። ክረምቱን ቅዳሜ ቅዳሜ ቡና እስኪፈላ አንድ ጊዜ ዛፉን ዞር ብሎ ማየት፣ ከታች የወጣውን መንጨት፣ ከላይ ብቅ ያለውን በአውራ ጣት መጥረግ ነው። ያን ያደረገ ሰው አትክልተኛ መጥራት ብዙም አያስፈልገውም።

ይህን የመጨረሻውን ምክር አባባ የነገሩን ሒሳባቸውን ተቀብለው፣ ኮታቸውን ለብሰው፣ የውጭውን በር ከተሻገሩ በኋላ ነው።